የጎመን ምንቸት ምን በደለች?

ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነው። በመስቀል ሰሞን ወንድ አያቴ የለኮሱትን ችቦ ይዘው ወደ ቤት ይገቡና ምሰሶውን፣ መቃኑን፣ የጓዳውን በር በችቦው ጫፍ እየነካኩ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ይሉ ነበር። እኛ ልጆች ከኋላቸው እየተከተልን እንጮኻለን። ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ እንስቃለን፣ እናስላለን። ከበዓሉ ሁሉ ለኛ የምትጥመን ይህቺ ነበረች።

አንድ ዓመት ታዲያ ሴት አያቴ ከምድጃው አጠገብ እንደተቀመጡ ጨዋታውን አደፈረሱት። «ምነው አንቱ፣ ይቺ ምንቸት ምን በደለች? ክረምቱን ሙሉ ያበላችን እሷ አይደለችም እንዴ? የበሉበትን ወጪት መስበር ማለት ይኼ አይደል!» አሉ። ወንድ አያቴ ሳቅ ብለው «ወግ ነው እንጂ ማን ሰበራት?» አሉና ወጡ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔም ረሳሁት።

ትዝ ያለኝ ካደግሁ፣ ከተማ ከገባሁ፣ መጻሕፍት ማገላበጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የአገራችንን ታሪክ ሳነብ የሴት አያቴ ጥያቄ በየገጹ ብቅ እያለ አስቸገረኝ። እውነትም፣ የጎመን ምንቸት ምን በደለች? ለምንስ በየዓመቱ ውጪ እንላታለን? ደግሞስ ያበላችን እሷ ከሆነች ታሪኳን የጻፈላት ሰው ለምን ጠፋ?

እስቲ መጀመሪያ ስለ ወቅቱ እንነጋገር። ፈረንጅ «የክረምት መጨረሻ» ሲል ከበረዶው ጋር የሚታገልበትን የካቲትን ነው የሚያስበው። የኛ ክረምት መጨረሻ ነሐሴ ነው፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ ያላባራው ዝናብ። አየሩ ቢለያይም አንድ የሚጋሩት ነገር አላቸው። የአምናው አልቋል፣ የዘንድሮው አልደረሰም። የዓለም ወጥ ቤቶች ሁሉ ዋናው ፈተና ይኼ ነበር።

የደጋው ገበሬ እህሉን የሚሰበስበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ጎተራው ይሞላል፣ ሠርጉም ተዝካሩም ይደገሳል። ወራቱ ሲገፋ ጎተራው እየጎደለ ይሄዳል። ሰኔ ላይ ደግሞ ከቀረው እህል ምርጥ ምርጡ ለዘር ይወጣል። ልብ በሉ፣ ሊበላ የሚችል እህል እያዩት መሬት ውስጥ ይቀበራል። ሐምሌ ላይ ስፍር ይጀመራል። ነሐሴ ሲገባ የቤቱ እመቤት እጇን ወደ ጎተራው ስትሰድ ጣቷ ወለሉን ይነካል።

ጉዱ ታዲያ ውጪ ያለው ነው። ሜዳው አረንጓዴ፣ ጋራው አረንጓዴ፣ ከብቱ ሳር ጠግቦ ያመሰኳል። መንገደኛ ቢያልፍ «ምን ያለ ጥጋብ አገር ነው!» ብሎ ይሄዳል። ዓይን እየጠገበ ሆድ የሚራብበት ወቅት ነው። ሥራውም የሚበረታው ያኔ ነው። አረሙ አንገት አያስቀናም፣ ጎርፉ መሻገሪያ አይሰጥም፣ በሽታውም የሚበዛው በዚሁ ሰሞን ነው። ጉልበት በሚያስፈልግበት ጊዜ እህል የለም።

እንግዲህ የቤቱ እመቤት ያን ጊዜ ነው ጓሮዋን የምታየው። ጓሮ ውስጥ ጎመን አለ። ጎመን እንጀራን አይተካም፤ ግን ያበረክተዋል። ሦስት እንጀራ የሚፈልገውን ቤት በሁለት ያሳድረዋል። ድንች ሲገባበት ደግሞ በአንድ ተኩል። ልጅ ሆኜ የሴት አያቴን እጅ አይ ነበር፤ ትሪው ላይ እንጀራው አነስ ሲል ጎመኑ ከፍ ይላል። እኛ ጎመኑን እናያለን እንጂ የእንጀራውን ማነስ አናይም። ይኼ እንግዲህ ሙያ ነው፤ በየትኛውም ቤተ መንግሥት ያልተሸለመ ሙያ።

ቤተ መንግሥት ካነሳን፣ ታሪክ የሚያስታውሰው ግብሩን ነው። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ በ1887 እ.ኤ.አ. ያስደገሱት ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር ተጽፎ ቆይቶልናል። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። እሰየው ነው። ጣይቱ ሙያን የመንግሥት ጉዳይ ያደረጉ ሴት ናቸውና ይገባቸዋል። ይሁንና ግብሩ የቀናት ነው፣ ክረምቱ ግን በየዓመቱ ይመላለሳል። የነሐሴዋን ምንቸት ማን ጻፈላት? ጸሐፌ ትእዛዝ ጓዳ አይገባም፤ ጓዳ ያለችውም ብዕር አልያዘችም።

እኛ እንጻፍላት እስቲ።

ጎመኑ የኛው የራሳችን ነው። ሳይንቲስቶች ብራሲካ ካሪናታ ይሉታል፤ እኛ የአበሻ ጎመን፣ ዘሩን ደግሞ ጎመን ዘር እንለዋለን። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ሲሆን መነሻውም የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይታመናል። ቅጠሉ ይበላል፤ ዘሩ ደግሞ ተወቅጦ የእንጀራ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይህ ማለት በጎመን አልበላም ያለ ሰው እንኳ የሚበላው እንጀራ ከምጣዱ የተላቀቀው በጎመን ዘር ነበር ማለት ነው። ከጎመን ማምለጫ አልነበረም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይኸው የጎመን ዘር ዘይቱ እየተጨመቀ የአውሮፕላን ነዳጅ ይሠራበታል። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ አነስተኛ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን በበረረበት ጉዞ ከነዳጁ አሥር በመቶ የሚሆነውን ከዚሁ ዘር በተገኘ ነዳጅ ሸፈነ። ሴት አያቴ ይህን ቢሰሙ «ድሮስ፣ ስንቱን አሻግራ የለ!» የሚሉ ይመስለኛል። እኛ ምጣድ ያሰስንበትን ሌላው ውቅያኖስ ተሻገረበት።

ምንቸቷ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን የአገር ልጅ አይደለም። ሌላው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በርበሬና ቃሪያ የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት አንድም ኢትዮጵያዊ በርበሬ አልቀመሰም። ያኔ አፍ የሚያቃጥለው ሰናፍጭ፣ ዝንጅብል፣ ጥምዝና የመሳሰለው ነበር። በቆሎም ከዚያው አህጉር ነው የመጣው፤ ወደኛ የገባው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ገደማ እንደሆነ ይገመታል። አባቶቻችን የሚያውቁት ማሽላን ነበርና አዲሱን እህል «የባሕር ማሽላ» አሉት። ባሕር ዛፍ እንደምንለው ማለት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ። ዛሬ በቆሎ በምርቱ ብዛት ከእህሎቻችን ሁሉ ቀዳሚው ሆኗል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየመንገዱ ዳር ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ እሸት የሚጠብሱትን እናቶች ስታዩ የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ነው የሚያራግቡት።

የድንቹ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1837 እ.ኤ.አ. ትግራይ ገባ። ቅጠልና አበባ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሊልክ ነበር የመጣው። እዚያው ቀረ፤ አገሩን ለመደ፣ ቤተሰብ መሠረተ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ዐረፈ። ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ሰዉ ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር ለእህል በላተኛ ምግብ አይመስለውም። ድንቹ ለአሥርት ዓመታት እዚህም እዚያም በጥቂት ጓሮዎች ብቻ ቆየ።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ።

ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የቆየውን ያን ረሃብ ቅድመ አያቶቻችን በሌላ ስም አልጠሩትም፤ ክፉ ቀን ብቻ። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ላሙን ጠራርጎ ፈጀው። ዝናቡ ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተከተለ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ጎተራ የለም። ዐፄ ምኒልክ ሰዉ በእጁ ቆፍሮም ቢሆን እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይተረካል። ለንጉሥ ዶማ መያዝ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

የድንች ታሪክ የጻፉ ሰዎች የሚነግሩን ታዲያ ድንቹ በሰፊው የተለመደው በዚያ የረሃብ ዘመን ማግስት መሆኑን ነው። ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ድንች በሬ አይፈልግም፤ በዶማ ይተከላል፣ በዶማ ይወጣል። ከእህል ቀድሞ ይደርሳል። ለሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሞ የከረመው እንግዳ የገባው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። ዛሬ ጎመን በድንች ስንበላ የጥንት የጠዋቱ የአባቶቻችን ምግብ ይመስለናል። ነገር ግን አንዱ የአገር ልጅ ነው፤ ሌላው የክፉ ቀን ስደተኛ ነው። ያጋባቻቸው የነሐሴዋ ምንቸት ናት።

ይህን የምለው ባህላችን የተውሶ ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን ቃሪያ፣ ከአንዲስ ተራሮች ተነሥቶ በጀርመናዊ እጅ የገባውን ድንች፣ ከጓሮዋ ጎመን ጋር አጋብታ የራሷ ያደረገች ማን ናት? ንጉሥ አዋጅ አላወጣላትም፣ ትምህርት ቤት አላስተማራትም። ቀመሰች፣ አየች፣ ለጎረቤቷ ነገረች። በቃ። ባህል የሚባለው ነገር እንዲህ ነው የሚሠራው።

አሠራሩንስ? ለማያውቅ ላስታውስ። ጎመኑ ከአፈሩ በደንብ ይታጠባል፣ ወፍራሙ ግንድ ይለያል፣ ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ ነካ ተደርጎ ይወጣና ይከተፋል። ቀይ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ሲለሰልስ ዘይቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላሉ። ድንቹ ተልጦ ተቆርጦ ይገባና ትንሽ ከተሟሸ በኋላ ጎመኑ ከላይ ይጨመራል። ውሃ አይበዛበትም፤ ጎመን በራሱ ውሃ ነው የሚበስለው። ቃሪያው ለሁለት ተሰንጥቆ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሴት አያቴ ክዳኑን መክፈት አይወዱም ነበር። «ጎመን ካየኸው ያፍራል» ይሉ ነበር። አሁን ሳስበው ልጆች እየነካካን እንዳንጨርሰው ነው።

ነሐሴ ሲነሳ ፍልሰታን ማለፍ አይቻልም። ከነሐሴ 1 እስከ 16 የሚጾመው ይህ ጾም ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ነው። ቅቤው፣ አይቡና ሥጋው ከትሪው ላይ በሚነሣበት በዚሁ ሰሞን ጎተራውም ጎድሏል። ይህ ግን ለወጥ ቤቷ እጅ መስጫ አልሆነም። እንዲያውም ብልሃቷ ሁሉ የወጣው በዚህ ጾም ላይ ነው።

ሱፍ ፍትፍትን አስቡ። ሱፉ ይቀቀላል፣ ውሃው ይጠለላል፣ ይወቀጣል፣ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። የሚወጣው ፈሳሽ ነጭ ነው፤ ወተት ነው የሚመስለው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ጨው ይጨመርበትና እንጀራ ይፈተፈትበታል። ልጅ «ወተት» ብሎ ሲያለቅስ የጾም ወተት የሠራችለት እናት ምን ትባላለች? ተልባውም እንዲሁ ነው፤ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ተበጥብጦ ጨውና ሚጥሚጣ ጣል ይደረግበታል። የደረቀ ያደረ እንጀራ ገብቶበት ነፍስ ይዘራል። አዚፋው ደግሞ ድፍን ምስር ተቀቅሎ ይፈጭና ሲበርድ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ሰናፍጭ ይገባበታል። ሰናፍጩ አፍንጫ ሲሰነጥቅ በርበሬ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ኢትዮጵያዊ ምን ይቀምስ እንደነበር ትንሽ ይገባችኋል። ስልጆው የባቄላ ዱቄት ተገንፍቶ፣ ሱፍና ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ለቀናት ተቀምጦ የሚኮመጥጥ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሳይበላሽ ይሰነብታል። እሱንም ያወቀችው ቤተ ሙከራ ገብታ አይደለም።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ያለችው የክረምቱ ጅራት ደግሞ ሌላ መልክ አላት። ጎተራውን ያራቆተው ዝናብ የላሚቱን ጡት ሞልቶታል። ሳሩ ለምለም ስለሆነ ወተትና ቅቤ የሚገኘው በዚሁ ሰሞን ነው። ጎመኑ በደቃቁ ይከተፍና ቅቤ ተለቁጦ ከአይብ ጋር ይቀርባል። ጉራጌ ቤት መስቀልን ያከበረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ገንፎውም ቢሆን ያለ ክረምት አይሆንም፤ መሐሉ ላይ የሚቀልጠው ቅቤ የነሐሴ ሳር ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ» የሚለው ሰው የገንፎው ቅቤ ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ መልሱ ከዚያችው ከተባረረችው ክረምት ነው።

እስካሁን የብልሃቱን በጎ ጎን አወራሁ። ክፉውን አለመንገር ግን ውሸት ይሆናል። ብልሃት እህል አይፈጥርም። ጓሮውም ጎተራውም ባዶ ሲሆን እጅ የሚዘረጋው ወደ ጓያ ነው።

ጓያ ድርቅም ረግረግም አይበግረውም፤ ሌላው ሲከዳ እሱ ይበቅላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው መርዝ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውም እግር አይመለስም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በወሎ ደላንታ ዳውንት በደረሰው የእህል እጦት ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተጠቅቷል፤ ከነሱም ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ነገሩን ያጠኑት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ውጤት ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አደጋው የሚወሰነው ጓያው በመበላቱ ብቻ ሳይሆን እንዴት ተሠርቶ በመበላቱም ነው። ጓያን ቆልቶ ወይም ቀቅሎ ወይም በእሸቱ ብቻውን መብላት አደጋውን ያብሳል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፣ አብኩቶ፣ ወይም ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሰለ ቅመም ባለው ወጥ ሠርቶ መብላት ይቀንሰዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ይረዳል።

ይህን አንብቤ ብዙ ቆዘምኩ። «የሴት ጨዋታ» እያልን የምናልፈው የወጥ ቤት ዕውቀት በሁለት እግር በመቆምና ባለመቆም መካከል ያለ ልዩነት ሆኖ አገኘሁት። ግን ደግሞ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ጓያውን የሚቀላቅልበት እህል፣ የሚያቁላላበት ሽንኩርት የሌለው ሰው ዕውቀቱ ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ «እናቶቻችን ብልሃተኞች ስለነበሩ ረሃብ አይጎዳንም ነበር» የሚል ታሪክ አንጻፍ። 1966ን፣ 1977ን ያየ ሰው ይህን አይልም። ብልሃቱ ትልቅ ነበር፣ ችግሩ አንዳንዴ ከብልሃቱ በለጠ።

ለመሆኑ አሁን የት ነን? ጎመን እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ነገር ሆኗል። አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ባለቤቱ ጎመኑን ከትሪው አንስታ ጓዳ ስትመልስ አይቻለሁ፤ «ውይ፣ ይቅርታ፣ ይኼ ለኛ ነው» አለች። ሥጋው ብቻ ቀረ። ክፋት የላትም፤ አክብራኝ ነው። ግን ያከበረችኝ ያሳደገኝን ምግብ ደብቃ ነው። ጎመን የድህነት ስም ሆነ። «ጎመን በጤና» የሚለውን ብሂል ራሱ ብዙዎቻችን የምንለው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. በጀርመን መንግሥት እገዛ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቁሟል። የስንዴው፣ የገብሱ፣ የጤፉ፣ የጎመን ዘሩም ሳይቀር ከየአገሩ ተለቅሞ በቅዝቃዜ ተቀምጧል። ድርቅ ቢመጣ፣ ጦርነት ቢመጣ ዘሩ አይጠፋም ተብሎ ነው። ተገቢ ሥራ ነው። ዘሩ እንግዲህ ባንክ አለው። አሠራሩስ? ስልጆ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ጓያ ስንት ጊዜ ውሃው እንደሚደፋ፣ ሱፍ ሲቀቀል መቼ እንደሚወጣ የሚያውቁት እጆች የት ነው የሚቀመጡት? እነሱ በየዓመቱ እየተቀበሩ ነው። ዘሩ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይኖራል፣ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ከዚያ በኋላ ዘሩ ምን ዋጋ አለው?

የሴት አያቴ ስልጆ አብሯቸው ተቀብሯል። እናቴ «እንደሳቸው አይሆንልኝም» እያለች ተወችው። እኔ ደግሞ ጭራሽ አልጠየቅሁም። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል ተብዬ ነው ያደግሁት፤ አሁን ስለ ምድጃ ልጽፍ ስቀመጥ የቀረኝ የሽታው ትዝታ ነው።

ስለዚህ ነሐሴ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ መብራት ሄዶ ቴሌቪዥኑም ዝም ሲል፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ያሉ አሮጊት ጋ ቁጭ በሉ። ምንቸት ካለ ምንቸት፣ ከሌለም ድስት ጣዱ። አብራችሁ አብስሉ። እየሠሩ ሲነግሯችሁ ደብተር ይዛችሁ ጻፉ። «ትንሽ ጨው» ሲሉ ስንት እንደሆነ በማንኪያ ለኩት። «እስኪሸትህ ድረስ» ሲሉ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሰዓት እዩ። ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ። ወንዶችም ጭምር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጎመኑን አትደብቁት።

ልጨርስ። ያን የመስቀል ማታ፣ ወንድ አያቴ ችቦውን ይዘው ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ፣ ሴት አያቴ ምን እንዳደረጉ አይቻለሁ። የጎመኗን ምንቸት ከጉልቻው ላይ አነሷት። በዓመድና በውሃ አሽተው አጠቧት። አፏን ወደ ታች ደፍተው ከጎተራው ጀርባ፣ ማንም በማያያት ቦታ አስቀመጧት።

«አልወጣችም እንዴ?» አልኳቸው።

«የት ትወጣለች? ለከርሞም እኮ ክረምት አለ» አሉኝ።